ያዙኝ ልቀቁኝ በሰማይ ላይ

ሃያ ስድስት ዓመት የችሎት ጸሐፊ ሆኜ ስቀመጥ የገባኝ አንድ ነገር ነው፤ ሰው የሚታሰረው በሠራው ብቻ ሳይሆን በተጻፈበትም ነው። ዓቃቤ ሕግ ይከሳል፣ ጠበቃ ይከራከራል፣ ዳኛ ይፈርዳል፤ ፊደሏን ከሰው አፍ የምለቅማት ግን እኔ ነኝ። ስለዚህ ምስክር ሲናገር ዓይኑን አላይም፤ ከንፈሩን ነው። የሥራ ባልደረቦቼ «ለቃሚው» ይሉኛል። ይበሉኝ። አንዲት ፊደል ቦታዋን ስትስት እራት የማይዋጥልኝ ሰው ነኝ፤ እራቱን አብሮኝ የሚበላ ስለሌለ ደግሞ የሚታዘበኝ የለም።

ያቺን የበረራ አስተናጋጅ ያወቅኋት በአንድ ሐረግ ሰበብ ነው። ከአየር መንገዷ የተላከው ሪፖርት አንድ ገጽ ብቻ ነበር፣ ማኅተም ያረፈበት። «አውሮፕላኑ ለማረፍ ሲቃረብ በመቀመጫ ቁጥር ሃያ ሰባት ሐ የነበሩት ተሳፋሪ ያዙኝ ልቀቁኝ በማለት የበረራ አስተናጋጇን እጅ ጨምድደው ይዘው ሥራዋን አስተጓጉለዋል» ይላል። ክሱም የቆመው በዚሁ ላይ ነው፤ የበረራ ሠራተኛን በኃይል ወይም በማስፈራራት ሥራዋን እንዳትሠራ ማደናቀፍ። ሕጉ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም። ምግብ ቤት ውስጥ አስተናጋጅ ላይ የጮኸ ሰው ቢበዛ ተገፍቶ ይወጣል። ሰማይ ላይ ግን የአንዷ ሥራ ከተስተጓጎለ መቶ ሃምሳ ሰው አብሮ ሊያልቅ ይችላል፣ ገፍትሮ ማስወጣትም የለም። እስከ አምስት ዓመት ያሳስራል።

ችግሩ ተከሳሹ ነበሩ። ያዙኝ ልቀቁኝ ሲባል እኔ የማውቀው ጎረምሳ ነው፤ ሸሚዙን ቀዶ እየፎከረ፣ በልቡ ግን «እባካችሁ እንዳትለቁኝ» የሚል። እኚህ ሰው ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ጉልበታቸውን እያሹ፣ ደረጃዋን አንድ ባንድ እየቆጠሩ ነው ተከሳሽ ሳጥን ውስጥ የገቡት። ሐረጉ እሳቸው ላይ እንደ ሰው ኮት ሰፋብኝ።

መጀመሪያ ግን ስለ እሷ ልንገራችሁ። ስለ ቤቷ የምናገረውን ከራሷ አፍ ነው የሰማሁት፤ ነገሩ ካለቀ በኋላ የፍርዱን ግልባጭ ልትወስድ መጥታ ማተሚያው እምቢ አለና ግማሽ ቀን መዝገብ ቤቱ አግዳሚ ላይ አብረን ተቀምጠናል።

በሥራ ቦታዋ ስሟ «ቀበቶ» ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በርራለች። በነዚህ ዓመታት እሷ ባለችበት አውሮፕላን ላይ የቀበቶ ምልክቱ መብራት ሳይጠፋ ቀበቶውን ፈትቶ የተነሣ ሰው ካለ እሷ ሳታየው ነው። የአብራሪውን ሚስት ከመጸዳጃ ቤት በር ላይ መልሳ አስቀምጣለች ይባላል። ለአዳዲሶቹ የደኅንነት ትምህርት የምትሰጠውም እሷ ናት፤ «አውሮፕላን ሲያርፍ የአስተናጋጅ ቦታ ወንበሯ ነው፣ ወንበሯ ባዶ ከሆነ በሩ ባለቤት የለውም» እያለች። አንድ ተለማማጅ ከዓመታት በፊት ከመብራቱ ቀድሞ ቀበቶውን ቢፈታ ጽፋበታለች። ተለማማጁ አድጎ ዛሬ የአስተናጋጆች አለቃ፣ የሷም የቅርብ ኃላፊ ሆኗል። ሪፖርቱን የጻፈው እሱ ነው። በቂም ተነሥቶ እንዳይመስላችሁ፤ እንደ ታላቅ እህቱ ነበር የሚያያት፣ ትንሽም ይፈራታል።

ቤቷ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ መስኮቷ የሚያየው የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ነው። ወደ ሥራ ስትወጣ ማቀዝቀዣዋን ከሶኬት ትነቅላለች፣ እንዳይሸት በሩን በታጠፈ ፎጣ ትከፍተዋለች። ሻንጣዋ ተዘርግፎ አያውቅም፤ በሩ ሥር ቆሞ ነው የሚያድረው። ጎረቤቶቿ ስሟን አያውቁትም፤ ደረጃው ላይ የሻንጣው ጎማ ወደ ላይ ሲንኳኳ «መጣች» ይላሉ፣ ወደ ታች ሲንኳኳ «ሄደች» ይላሉ። እህት አለቻት፣ ባለትዳር። ስትደውል «መቼ ነው የምትሄጂው?» ብላ የምታስመጣውን ዕቃ ታዝዛለች። «መቼ ነው የምትመጪው?» ብላ ግን ጠይቃት አታውቅም። እናታቸው ሲሞቱ እሷ ከደመና በላይ ሻይ እያደለች ነበር። የደረሰችው ከተቀበሩ በሦስተኛው ቀን ነው። እህትየው በሩ ላይ ቆማ «አንቺማ ሰማይ ላይ ነበርሽ» አለቻት፣ ሌላ ምንም አላለቻትም።

«የሚገርምህ» አለችኝ እዚያ አግዳሚ ላይ፣ «በፊት ሆቴል ስናድር ጠዋት በስልክ የሚቀሰቅሰን ሰው ነበር። እንደምን አደርሽ ይላል፣ እኔም እግዜር ይስጥልኝ እላለሁ። ኋላ ሰውየው ቀረና የሚናገረው ማሽን ሆነ።»

«እና?»

«እናማ እኔ እግዜር ይስጥልኝ ማለቱን አልተውኩም።» ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ፣ ግን አላስደሰተኝም። እኔም ቤቴ ስገባ ለሬዲዮኑ ደህና ዋልክ የምል ሰው ነኝ።

በቀን ሁለት መቶ እጅ ወደ እሷ ይዘረጋል። ሁሉም የሚፈልገው ብርጭቆውን ነው።

ያን ቀን ሦስተኛ በረራዋ ነበር። አውሮፕላኑ ለማረፍ መውረድ ሲጀምር አየሩ ተበላሸ፤ አብራሪው ሠራተኞቹ ሁሉ እንዲቀመጡ አዘዘ። እሷ ልማዷ ነውና የመጨረሻ ዙር ቀበቶ እያየች ወደ ኋላ በር ወንበሯ ስትሄድ ሃያ ሰባት ሐ ላይ የተጠማዘዘ ቀበቶ አየች። ጎንበስ ብላ ስታስተካክል አውሮፕላኑ ድንገት ወደ ታች ተለቀቀ። ሽማግሌው ጮኹ፣ የእጅ አንጓዋን ያዙ፣ እሷም መተላለፊያው ላይ በጉልበቷ ወደቀች። አለቃው ሁለት ረድፍ አልፎ ካለው ግድግዳ ወዲያ በቀበቶ ታስሮ ተቀምጧል፤ አያይም፣ ይሰማል። የሰማውም በመጀመሪያ «ያዙኝ!»፣ ትንሽ ቆይቶ «…ልቀቁኝ» ነው። አውሮፕላኑ ቆሞ ብድግ ሲል ያየው ደግሞ በጉልበቷ ተንበርክካ የምታለቅስ ሴትና እጇን የጨመደደ ሰው ነው። ሌላ ምን ይገምት? «ይልቀቋት!» አለ። አልለቀቁም። ጣታቸውን አንድ ባንድ ፈልቅቀው የለዩዋቸው ፖሊሶች ናቸው፤ አንጓዋ ላይ የቀረው ሰንበር በሐኪም ማስረጃ ተያይዟል።

እዚያው፣ ሽማግሌው እየሰሙ፣ አለቃዋ እንዲህ አላት። «እንኳን እሳቸው ይዘውሽ ሆነ። በገዛ ፈቃድሽ ወንበርሽን ባዶ ትተሽ ቢሆን ኖሮ ነገ ሥራ አልነበረሽም።» እሷ ዝም አለች። ፖሊስ ጣቢያም «ይልቀቁኝ ብለሻቸው እምቢ አሉ፣ አይደል?» ሲሏት ዝም አለች፤ ዝምታዋን «አዎ» ብለው ጻፉት፣ ፈረመች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የዝምታ ወለምታ በምን እንደሚታሽ ግን የነገረኝ የለም።

ጉዳዩ ችሎት የደረሰው ከስምንት ወር በኋላ ነው። ዳኛዋ ክሱን አንብባ ስትጨርስ ሽማግሌውን ጠየቀቻቸው።

«ድርጊቱን ፈጽመዋል ወይስ አልፈጸሙም?»

«ይዣታለሁ። አልለቀቅኋትም። እውነት ነው።»

«ያዙኝ ልቀቁኝ እያሉ ይዝቱ ነበር ይላል።»

«ያዙኝ ብያለሁ። ልቀቁኝ አላልኩም» አሉ።

ጠበቃቸው ተነሥቶ ሥራቸውን እንዲያስረዱ አስፈቀደ። እሳቸውም ሳጥኑን በሁለት እጃቸው ተደግፈው አስረዱ። «ጉድጓድ ቆፋሪ ነኝ፤ የውሃ ጉድጓድ። አርባ ዓመት መሬት ውስጥ ነው የኖርኩት። ገመድ ወገቤ ላይ ይታሰራል፤ ላይ ያሉት ሰዎች ጫፉን ይይዛሉ። እግራችን ሲከዳን ‹ያዙኝ› ነው የምንል። ወደ ታች መውረድ ስንፈልግ ‹ልቀቁኝ› ነው። ከነዚህ ከሁለቱ ሌላ እዚያ ውስጥ ወሬ የለም፤ አቧራ ይገባል።»

«አውሮፕላኑ ሲወርድስ?»

«መሬቱ ሸሸኝ፤ ያዙኝ አልኩ። ልቀቁኝስ እንዴት ብዬ እላለሁ? ከዚያ ላይ ተለቆ የት ይደረሳል?»

ሰው ሳቀ። ዳኛዋም ወረቀቷን አየት አደረገች፣ ፈገግታዋን ለመደበቅ ይመስለኛል። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። ልጃቸው ናት ትኬቱን የላከችላቸው፤ ጉልበታቸው የሁለት ቀን አውቶቡስ አይችልም ብላ። አሁን ከኋላ ተቀምጣ ጥፍሯን ትነክሳለች።

ቀጥሎ የቀረበው አለቃው ነው። ጠበቃው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀው። «ያዙኝ ያለውና ልቀቁኝ ያለው አንድ ድምፅ ነው?»

አለቃው ከንፈሩን ነከሰ። ሐሰተኛ ሰው አይደለም፤ አሰበ። «አይደለም» አለ በመጨረሻ። «ያዙኝ ያሉት እሳቸው ናቸው። ልቀቁኝ ያለው የሴት ድምፅ ነው። የሷ ነው። ‹ይልቀቁኝ› ያለች መሰለኝ። ስጽፈው ልማድ ሆኖ አንድ ላይ ገጠምኩት።»

የጠበቃው ፊት በራ፤ ወዲያው ጠፋ። ዓቃቤ ሕጉ ከወንበሩ ዘሎ ተነሥቷል። ይህማ የባሰ ነው! ተሳፋሪው ቢዝቱ አንድ ነገር፤ ሠራተኛዋ በሥራ ላይ እያለች «ይልቀቁኝ» ብላ ለምና እምቢ ካሉ ግን ጥፋቱ ሙሉ ነው። ስምንት ወር ከፖሊሱ ወረቀት ሌላ በሰው አፍ የፈለጋት ቃል እጁ ገባች።

«ይልቀቁኝ ብላዎታለች?» ብላ ዳኛዋ ሽማግሌውን ጠየቀች።

ጠበቃቸው ጎንበስ ብሎ አንሾካሾከላቸው፤ ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ።

«ይመልሱ እንጂ አባቴ፤ መልስዎ ይጠቅምዎታል» አለች ዳኛዋ።

«እሷን ጠይቋት» አሉ። «እኔ የሰው ጉሮሮ አልዘጋም።»

ምን ለማለት እንደፈለጉ ማንም አልገባውም፤ እኔም ሳይገባኝ ጻፍኩት። አንድ ሰው ብቻ ገብቶታል። ከምስክሮች ክፍል በር ላይ ስሟ ተጠርቶ የቆመችው ሴት እጇን አንጓዋ ላይ ጭና ፊቷ እንደ ወረቀት ነጣ።

ደንብ ልብሷን ለብሳ ነበር የመጣችው። ማለች። የአየር መንገዷ የሕግ ሰው ከኋላ ተቀምጦ ያያታል፤ ጠዋት «ፖሊስ ጣቢያ የሰጠሽውን ቃል ብቻ ድገሚ፣ ከዚያ ወደ ሥራሽ» ብሏታል። ዓቃቤ ሕጉ በቀላል ነገር ጀመረ፤ ስንት ዓመት ሠራሽ፣ ያን ቀን ሥራ ላይ ነበርሽ፣ ሰንበሩ ከምን መጣ። መለሰች። ከዚያ «ተከሳሹ እጅዎን ይዘው ሳለ ምን አሏቸው?» ብሎ ፈገግ አለ።

ሽማግሌውን አየቻቸው። «አባባ፣ ለምን አልተናገሩም?» አለች።

ምስክር ተከሳሽን አይጠይቅም። ዳኛዋ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገች። ሽማግሌው ግን ቀድመው «ሥራሽ ነዋ ልጄ» አሉ፣ ግልጽ ነገር እንደተጠየቀ ሰው።

«ምስክር፣ ወደ ፍርድ ቤቱ ይዩ» አለች ዳኛዋ። «ቃል በቃል ምን አሏቸው?»

አንገቷን አቀርቅራ አንዲት ቃል አለች። ጣቶቼ ቃሏን ቀድመው ያውቋት ነበርና ጻፏት፤ «ይልቀቁኝ»። ከዚያ ያየሁት ከንፈር ትዝ አለኝ። ቃሉ ሲጀምር አፏ ተከፍቶ ነበር። «ይ» አፍ አያስከፍትም።

በሃያ ስድስት ዓመት ያላደረግሁትን አደረግሁ። ብድግ ብዬ «ክብርት ዳኛ፣ ይቅርታ፣ ፊደል አመለጠኝ፤ ይደገምልኝ» አልኩ። ዛሬም ድረስ በዚህ ራሴን እወቅሳለሁም፣ አመሰግናለሁም። ያቺን ቃል አንዴ ማውጣቷ ስንት ጭንቅ ነበር፤ እኔ ሁለት ጊዜ አስወጣኋት፣ ያውም ጮክ ብላ።

«አይልቀቁኝ» አለች። «አይልቀቁኝ ነው ያልኩት።»

ዓቃቤ ሕጉ ያልሰማ መሰለ። «እንዳይለቁዎት ነው የለመኗቸው?»

«ለቀውኝ ነበር እኮ። አውሮፕላኑ ከተረጋጋ በኋላ ‹ይቅርታ ልጄ› ብለው ጣታቸውን ከፈቱ። እስክናርፍ አራት ደቂቃ ያህል ነበረኝ። ወንበሬ ስምንት እርምጃ አይርቅም፤ ሄጄ ቀበቶዬን ማሰር ነበረብኝ። አልሄድኩም።»

«ለምን?»

ከኋላ ያለው የሕግ ሰው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ሰው እጄን ከያዘኝ ስንት ዓመት እንደሆነኝ መቁጠር ጀመርኩ» አለች። «እናቴ ጋ ስደርስ ቆጠራው ጠፋብኝ። ከዚያ እሳቸው ሲለቁኝ የእጄ ባዶነት ታወቀኝ። አይልቀቁኝ አልኳቸው፤ እሺ ልጄ አሉኝ።»

«የደኅንነት ግዴታዎን በፈቃድዎ እንደጣሱ መናገርዎ ነው። የሚያስከትለውን ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ። የማስተምረው እኮ እኔ ነኝ።»

አለቃዋ አንገቱን ደፋ። እኔ ጻፍኩ። ፊደሏን ሁለቴ አየኋት፤ ከ«ይ» ፊት የተቀመጠች አንዲት «አ»። ሌላ ጊዜ ብትሆን አልፌያት ልሄድ የምችል ፊደል ናት።

ውሳኔው በሁለተኛው ሳምንት ተነበበ። ሕጉ ኃይል ወይም ማስፈራራት ይፈልጋል፤ ኃይል የለም። ማደናቀፍ ይፈልጋል፤ ሠራተኛዋ የቀረችው በራሷ ፈቃድ ነው። ተከሳሹ በነጻ ይሰናበቱ። በዚያው ቀን ጠዋት የሷም ደብዳቤ ደርሷት ነበር። ላገለገሉበት ሃያ ሁለት ዓመት እናመሰግናለን ይላል፣ ከታች መታወቂያዋንና ደንብ ልብሷን እንድትመልስ። አሳየችኝ። አንድም የፊደል ግድፈት የለበትም፣ ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

ከሁሉም የማይረሳኝ ግን የውሳኔው ቀን ኮሪደሩ ላይ የሆነው ነው። እኔ ክምር መዝገብ ታቅፌ ደረጃው አጠገብ ቆሜያለሁ። እሷ ተራ ልብስ ለብሳ ግድግዳውን ተደግፋለች፤ እንደዚያ ሳያት አላወቅኋትም ነበር። ሽማግሌው ልጃቸውን «ቆይኝ» ብለው ወደሷ ሄዱ። የምስጋና ቃል የሚናገሩ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው መዳፋቸውን አሳዩዋት።

«ልጄ፣ በኛ ሥራ አንድ ሕግ አለ። ገመድ የያዘ ሰው በገመዱ ያለው ‹ልቀቁኝ› ሳይል አይለቅም። እጁ ቢላጥም፣ ቢመሽም። አንቺ አይልቀቁኝ ብለሽ እሺ አልኩ። ጣቴን የፈለቀቁት ፖሊሶቹ ናቸው፤ አንቺ ልቀቅ አላልሽኝም። ስምንት ወር ሙሉ ሌሊት ስነቃ እጄ ተጨብጦ አገኘዋለሁ።»

እሷ መዳፋቸውን አየች። የገመዱ ጠባሳ በመሃሉ እንደ መንገድ ያልፋል።

«አሁን በይኝና ልሂድ» አሉ በለስላሳ። «አውቶቡሱ ይቀድመኛል፤ እኔ ከእንግዲህ በዚያ በናንተ ነገር አልወጣም።»

እጇን አንሥታ መዳፋቸው ላይ አሳረፈችው፣ እሳቸውም ያዙት። ሰው በአጠገባቸው ያልፋል፤ አንድ ጠበቃ «መንገድ!» እያለ ገፋ አድርጎን ሄደ። እዚያ ቆሜ ፈልጌ የማላውቀውን ነገር ፈለግሁ፤ ቃሏ እንዳይመጣ። ሽማግሌው ግን መሄድ አለባቸው፣ ልጃቸው ደረጃው ላይ ቆማ ትጠብቃለች፣ እቤትም የሚጠብቃቸው ሰው ሞልቷል።

«ይልቀቁኝ፣ አባባ» አለች።

«ለቀቅሁ» አሉ። ጣታቸውን አንድ ባንድ ከፈቱ፣ ራሷን ዳበስ አድርገው የደረጃውን ብረት እየተደገፉ ወረዱ። እሷ እጇ እንደተዘረጋ ቆማ ቀረች።

ዓቃቤ ሕጉ ስምንት ወር ያሳደዳት ቃል ይህቺው ናት። ተብላለች፤ በጆሮዬ ሰምቻታለሁ፣ አንድም ፊደል አልጎደላትም። አልጻፍኳትም።